በካሺ ደረጃ ላይ የፈረሰው ጾም

ያኔ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነበር። ጉልበቴ ገና አልከዳኝም፤ አንዲት አሮጊት ከአልጋ አንሥቼ፣ አጥቤ፣ አልብሼ፣ ወንበር ላይ አስቀምጬ ትንፋሼ አይዛባም። ህንድ አገር፣ ካሺ የሚሏት የወንዝ ዳር ከተማ ደርሼ የተመለስኩት በዚያ ዕድሜዬ ነው። ሰው ሲሰማ ሽርሽር ይመስለዋል። እኔ የሄድኩት ለሥራ ነው፤ በሥራ ዘመኔም እንደዚያ የከበደኝ ቀን የለም።

አሁን ሥራ አቁሜያለሁ። ጉልበቴ በቃኝ አለ፣ እኔም ኸላስ አልኩ። ካርቱም ውስጥ ጀብራ የሚባል ሰፈር ከልጄ ከሰልማ ጋር ነው የምኖረው። አባቷ ሱዳናዊ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ካርቱም ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትናገር ግን የጎደለውን በዓረብኛ ትሞላዋለች። "ዩማ፣ ይሄን ሁሉ ሒካያ ለእኔ ከምትነግሪኝ ለምን አትጽፊውም?" ያለችኝ እሷ ናት፤ ዩማ እናቴ ማለቷ ነው፣ ሒካያ ደግሞ ተረት። የአማርኛ ፊደል አታነብም፤ የምጽፈውን እንደማታነበው ታውቃለች። ወሬዬን ልትገላገል ብላ ነው።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ካርቱም ውስጥ ነው፤ በመተማ በኩል የሚመጣ በርበሬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እያቃናሁ፣ ያላወቅሁትን ፊደል ያገኘሁትን ያገሬን ሰው እየጠየቅሁ። ስለዚህ ስሕተት ብታገኙ በርበሬውን ውቀሱት።

ከወሎ ወጥቼ ካርቱም ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ጀሪፍ ነው፣ በጥቁር አባይ ዳር፣ ጡብ ከሚተኮስበት ሰፈር። የተቀጠርኩት ልብስ ላጥብ ነበር። በቤቱ ውስጥ ግን ከወገባቸው በታች የማይንቀሳቀሱ አንዲት ሐቦባ ነበሩ፣ የባለቤቱ እናት። እሳቸውን የምታስታምመው እንደኔው የወሎ ሰው፣ እታለም ሐሊማ ናት። ከእኔ በብዙ ዓመት ትበልጣለች። ወገቧን ያማት ስለነበር ሐቦባን ለማንሣት ትጠራኛለች፤ አንድ ቀን ላግዛት ገብቼ በዚያው ቀረሁ። የማስታመምን ሥራ ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ያውም እየተሳደበች።

"ክንድ አይጎተትም፤ አሮጊት ባልዲ መሰለችሽ?" ትለኛለች። "ጉልበትሽን ከጉልበታቸው አጋጥሚ። ወገባቸውን እቀፊ። ወደ አንቺ ሲደገፉ ጠብቂ። አንቺ አይደለሽም የምታነሻቸው፤ አብራችሁ ነው የምትነሡት።" ደረጃ ላይ ስንሆን ደግሞ፣ "ሲወረድ ከፊታቸው ቁሚ፣ ሲወጣ ከኋላቸው። ከወደቁ ባንቺ ላይ ይውደቁ።"

ጠዋት ገብታ "እንዴት አደሩ?" ስትል ሰምቻት አላውቅም። "ደህና ነው የሚሉሽ፤ ሞተውም ቢሆን ደህና ነው የሚሉሽ" ትላለች። እሷ የምትጠይቀው መልሱን የምታውቀውን ነው። "ሐቦባ፣ ትናንት ምን በላን?" ወይም "የበኩር ልጅዎ ማነው?" ሐቦባ በትክክል ከመለሱ ቀኑ ይጀመራል። ከዘገዩ ወይም ከሳቱ፣ እታለም ሐሊማ ወዲያው እጇን ከማጅራታቸው በታች ትሰዳለች፤ ደረቅ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ሐኪም እስኪመጣ የምታውቀው በዚያ ነው። ራሷን በምትሸፍንበት ጠርሃ ጫፍ ሁልጊዜ ጥቂት ቴምር ቋጥራ ትይዝ ነበር። "ቀዝቃዛ ላብ ካየሽ አፋቸው ውስጥ ጨምሪ፣ ከዚያ ስለ ምክንያቱ ትጠይቂያለሽ።"

ሌላም ነገር አስተማረችኝ። ሐቦባ ቱምባክ ያደርጉ ነበር፣ ከከንፈር ሥር የሚያዝ ትምባሆ። ልጆቻቸው ሐኪም ከልክሏል ብለው ቤቱን እየበረበሩ ይጥሉባቸዋል። አንድ ቀን ፍራሽ ሳነሣ ትንሽ ቋጠሮ አገኘሁና ለእመቤቲቱ ላሳይ ስሮጥ፣ እታለም ሐሊማ በር ላይ ቀሚሴን ይዛ አስቀረችኝ።

"ወዴት ነው?"

"ይሄው፣ ደብቀውት—"

"የደበቅኩላቸው እኔ ነኝ። ስሚ አንቺ ልጅ። እኚህ ሰው ቤታቸውን ወስደውባቸዋል፣ እግራቸውን አላህ ወስዶባቸዋል፣ ጓዳቸው እንኳ ቁልፉ በምራታቸው እጅ ነው። የቀራቸው የራሳቸው ነገር ይሄ ብቻ ነው። አሮጊት ክፍል ውስጥ ያየሽውን እዚያው ትተሽ ውጪ። ካልሆነ ልብስሽን እጠቢ።"

ቋጠሮውን መለስኩ። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ቤቶች ሁሉ ይህን ጠብቄያለሁ፤ ቴምሩንም እንደዚያው።

ከጀሪፍ በኋላ እዚሁ ጀብራ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አስታምሜያለሁ፣ ኡስታዝ የምንላቸው። ስኳር ነበረባቸው። የክኒንን ነገር የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ረመዳን ሲገባ ሐኪማቸው ጠርቶኝ "ይሄን ክኒን ባዶ ሆዳቸውን ከዋጡት ይጥላቸዋል፤ ወይ ይብሉ፣ ወይ አይዋጡ" አለኝ። ኡስታዝ ግን ክኒኑንም ጾሙንም ካልያዝኩ ይላሉ። ወር ሙሉ ስንጨቃጨቅ ከርመን በዒዱ ቀን "ከሚስቴ የባስሽ ነሽ" ብለው መረቁኝ።

ከዚያ ነው ባ ዘንድ የገባሁት። ባ በቋንቋቸው እናት ማለት ነው። ኦምዱርማን ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ ህንዶች ናቸው፣ ከአያቶቻቸው ጀምሮ ሱዳን የኖሩ፤ ዓረብኛቸው ከእኔ የተሻለ ነው። ባ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ሙሽራ ሆነው መጥተው እዚሁ ባል ቀብረው፣ አይ፣ እነሱ አይቀብሩም፣ ባል አጥተው፣ ልጅ ድረው አርጅተዋል። ቤቱን የሚያስተዳድረው ልጃቸው አሾክ ነው። ወፍራም፣ ቸኩሎ የሚናገር፣ እናቱን እንደ እንቁላል የሚይዝ ሰው።

በዚያ ቤት ሥጋና እንቁላል አይገባም። ሥጋ ያማረኝ ቀን ሰልማ ዘንድ እሄዳለሁ። ስሱን ቂጣ መዳመጥ ባ ራሳቸው አስተማሩኝ። የመጀመሪያውን ሰሞን ቂጣዬ አንድ ቀን እንኳ ክብ ሆኖ አያውቅም። ባ ከወንበራቸው ሆነው በመዳመጫው ጫፍ እየነካኩ "ይሄ ዳርፉር ነው፤ ይሄ ደግሞ ፖርት ሱዳን። ካርቱምን የት ጣልሻት?" ይሉኛል።

ያፋቀረን ግን ጾም ነው። ባ ጨረቃዋ በታየች በአሥራ አንደኛው ቀን ይጾማሉ። እኔ ረመዳን ስጾም ባ የመግሪብ አዛን ሊሰማ ሲል መስኮቱ ሥር ይቀመጡና ብርጭቆ ውሃ ይዘው ይጠብቁኛል። አዛኑን ከእኔ ቀድመው ይሰሙ ነበር። "አለ፤ ጠጪ" ይሉኛል። በእሳቸው ቀን ደግሞ እኔ ፍራፍሬ ላጥቼ፣ ወተት አሙቄ እጠብቃለሁ። ለምን ትጾሚያለሽ፣ ለማን ትጾሚያለሽ ተባብለን አናውቅም። በኋላ ስኳር ያዛቸውና አሾክ ጾሙን ከለከለ። ባ "እሺ" አሉ። ቀኗ በመጣች ቁጥር ግን ከማንም ጋር አይነጋገሩም፤ የሚቀርብላቸውን እንደ መድኃኒት ይውጣሉ።

ባ አንድ የቀራቸው ነገር ነበር፣ ወንዟ ቅዱስ ነው የሚሏት ካሺ። ያቺን ከተማ አላዩዋትም። የባላቸው አመድ ድሮ ወደዚያ ወንዝ ሲላክ እሳቸው ልጆች ይዘው ቀሩ። የካርቱም ህንዶች ሽማግሌዎቻቸውን ሰብስበው ለአጭር ቀን ሊወስዱ ነው ሲባል፣ ባ አሾክን ጠርተው ሁለት ነገር ብቻ አሉት። "ዘይነብ ካልሄደች አልሄድም። ወንዙ ውስጥ ደግሞ በእግሬ ነው የምገባው፤ በወንበር ተሸክማችሁ እንደ ዕቃ እንዳታጠምቁኝ።" ወረቀቱን አሾክ ጨረሰ። ሰልማ "ዩማ፣ እዚህ ሁለት አባይ እያለ ሌላ ወንዝ ለማየት ፊዛ ታስመቺያለሽ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ከመሄዳችን በፊት ባ ወደ ሙቅረን ውሰዱኝ አሉ፣ ነጩና ጥቁሩ አባይ ወደሚገናኙበት። እሳቸው መኪና ውስጥ ሆነው አሾክ ሱሪውን ሰብስቦ ወረደና በትንሽ ጠርሙስ ውሃ ቀዳላቸው። "ዕድሜዬን የጠጣሁት ይሄን ነው" አሉኝ ባ ጠርሙሱን እየሰጡኝ። "የካሺዋ ወንዝ፣ እናት ጋንጋ፣ የት ኖርሽ ብትለኝ በእጄ አፈስላታለሁ።" ጠርሙሱን በካልሲ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

ካሺ ስንደርስ ብርድ ነበር። ካርቱም ኖሬ ብርድ ረስቼ ነበር። ከተማዋ ጠባብ መንገድ ናት፣ ላም ቆማ ሰው ዞሮ የሚያልፍባት። መንገዱ ሲያልቅ ድንገት ወንዙ ነው። እኛ ዘንድ አባይ ዳር ጭቃ ነው፤ እዚያ ግን እስከ ውሃው ድረስ የድንጋይ ደረጃ ነው፣ ከላይ ሆነሽ ስታዪው መጨረሻው በጉም ውስጥ የሚጠፋ። ቢጫ አበባ የሚሸጡ አሉ፣ ጀልባ የሚስቡ አሉ፣ ልብስ የሚያጥቡ አሉ፤ ወረድ ብሎ ደግሞ ሬሳ ይቃጠላል። መጀመሪያ ጭሱን ሳይ የጀሪፍ ጡብ መተኮሻ ነው የመሰለኝ። ሲገባኝ ባን ወደ ሌላ በኩል ላዞራቸው ወንበሩን ያዝኩ።

"ተዪኝ፣ ልይ" አሉኝ።

በሥራዬ ሁሉ ሞትን ከአሮጊቶች ስደብቅ ነው የኖርኩት። ጎረቤት ሲሞት መስኮት እዘጋለሁ፣ ሬድዮ ከፍ አደርጋለሁ። ባ ግን ያን እሳት ልክ እኔ የሰው ቤት ምድጃ እንደማየው አዩት፤ እንጨቱ ደረቅ ነው፣ እርጥብ ነው እያሉ። እኔም ቀስ በቀስ ልቤ ረጋ።

የደረስንበት ማግስት የጨረቃዋ አሥራ አንደኛ ቀን ነበር። የቡድናችን መሪ ያሰበው እንዲህ ነው፤ የቻለ በዚያ ቀን ይጾማል፣ በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ወንዙ ውስጥ ይገባል፣ ከውሃው ሲወጣ ያፈርሳል፤ ቀትር ላይ ወደ አውሮፕላን። አሾክ እናቱን ፊት ለፊት "ባ፣ አንቺ አትጾሚም" አላቸው። "እሺ" አሉ።

ቁርስ ላይ ቂጣቸውን ቆርሰው ቆርሰው ጭናቸው ላይ በዘረጋሁት ፎጣ ሲያስቀምጡ አየሁ። ምሳም እንዲሁ። ራት ላይ አሾክ አጠገባቸው ስለተቀመጠ ክኒናቸውን በባዶ ሆዳቸው፣ በምራቃቸው ዋጡ፤ ውኃው ከንፈራቸውን እንኳ አልነካም። እሱ ወደ ሰው ዞር ሲል ምግቡ ወደ ፎጣዬ መጣ።

ክፍላችን ስንገባ በሩን ዘጋሁ። "ባ፣ ክኒን ውጦ ምግብ መተው አይሆንም። ወይ ይብሉ፣ ወይ ክኒኑን ይተዉ ነበር።"

"ብተወው ያውቅብኛል።"

"አንድ ማንኪያ ማር ብቻ ይቅመሱልኝ።"

"አንቺን በረመዳን አንድ ጉንጭ ውሃ ጠጪ ብዬሽ አውቃለሁ?"

"ለአሾክ መንገሬ ነው" አልኳቸው።

አልተቆጡም። ጠርሙሱን ከካልሲው አውጥተው ትራሳቸው አጠገብ አስቀመጡት። "ንገሪው፤ አፍሽ ያንቺ ነው። ከነገርሽው ነገ ከአልጋ አያስወርደኝም፣ ቀትር ላይ እንሄዳለን፣ እኔም ተመልሼ አልመጣም። ይሄን ሁሉ አውቀሽ ንገሪው።"

ፎጣውን ከነቂጣው ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ደበቅሁት፣ ልክ እንደ ሐቦባ ቱምባክ። የኡስታዝ ሐኪም የነገረኝን አልረሳሁትም። የእታለም ሐሊማንም ቃል አልረሳሁትም። የሁለቱን ክብደት ስመዝን የእሷ በለጠብኝ።

ሲነጋጋ ባን ቀሰቀስኳቸው። "ባ፣ ትናንት ምን በላን?"

"ምንም" አሉና ሳቁ።

መልሱ ትክክል ነበር። ማጅራታቸው ደረቅ ነው። ነጭ ሳሪያቸውን አለበስኳቸው፤ በዚያ ጠዋት እጄ ቀሎኝ ነበር፣ ሙሽራ የማለብስ መስሎኝ። ጠርሙሱን በቀኝ እጃቸው ያዙ።

ደረጃው በጉም ረጥቧል። እኔ ከፊታቸው ሆኜ ፊቴን ወደ እሳቸው አዙሬ በኋላዬ እወርዳለሁ፤ ሁለት እጃቸው፣ ቀኙ ከነጠርሙሱ፣ ትከሻዬ ላይ ነው። አሾክ ከኋላቸው ፎጣና ደረቅ ልብስ ይዟል። በየደረጃው ቆም እያልን፣ ትንፋሻቸውን እያዳመጥኩ ወረድን። ውሃው ድንጋይ ሲመታ ከኋላዬ ይሰማኛል። ባ በእኔ ትከሻ ላይ አሻግረው ወንዙን ነው የሚያዩት፤ እኔን አያዩኝም። ፊታቸው በራ።

ጥቂት ሲቀረን የትከሻዬ ላይ እጃቸው ከበደኝ። ግንባራቸው ላይ ጤዛ የመሰለ ነገር አየሁ፤ ጉሙ ነው አልኩ። እጄን ከማጅራታቸው በታች ሰደድኩ። በዚያ ብርድ ቀዝቃዛ ላብ ነበር።

"ባ፣ የበኩር ልጅዎ ማነው?"

"ራምጂ" አሉኝ። ራምጂ በልጅነት የሞተ ወንድማቸው ነው።

ጉልበቴን ከጉልበታቸው አጋጥሜ ደረጃው ላይ አስቀመጥኳቸው። ከጠርሃዬ ጫፍ ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁ፣ ፍሬውን አውጥቼ ቴምሩን በጣቴ አድቅቄ ጉንጫቸው ውስጥ ከተትኩ። መጀመሪያ ዝም ብለው ተቀበሉ። ጣፋጩ ሲገባቸው ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ። ሊተፉት ሞከሩ። መንጋጋቸውን በእጄ ያዝኩ። በዚያ ድካም ውስጥ ሆነው እጄን ነከሱኝ፤ እኔም አልለቀቅሁም።

"ምን ሆነች?" አለ አሾክ። "ራት በልታ የለም እንዴ?"

"አልበሉም። ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምሮ ውሃም አልነኩም። ክኒኑን ግን ውጠዋል።"

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ሰው ሁሉ ቆሟል። አሾክ ፎጣውንና ልብሱን ጣለ። ተሸክሟቸው ደረጃውን መልሶ ወጣ፣ እኚያን አትሸከሙኝ ያሉትን ሴት። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ጠርሙሱ ሳይሰበር ደረጃው ላይ ወድቆ ነበርና አነሣሁት።

አንድ ትንሽ ክሊኒክ ወስደናቸው ግሉኮስ ሰጧቸው። ፀሐይዋ ከፍ ሳትል ባ ደህና ሆኑ፤ ሰው ለዩ፣ ተቀመጡ። ሐኪሙ ቴምሩ ባይቀድም ኖሮ ብሎ ሳይጨርስ ተወው። አሾክ ወደ ወንዙ መመለስ የሚባል ነገር መስማት አልፈለገም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ "ባ፣ እኔ ልውረድና ጠርሙሱን ላፍስስልዎት?" አልኩ።

"አንቺ ጾም የምታውቂ ሴት ነሽ" አሉኝ። "ሌላ ሰው ቢሆን አይደንቀኝም።" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቀትር ላይ ተነሣን። የአባይ ውሃ ህንድ ደርሶ በካልሲ ተጠቅልሎ ካርቱም ተመለሰ።

አሾክ ወሩ ሲያልቅ እንድሄድ ነገረኝ። አልተከራከርኩም። ሌላ አስታማሚ አመጣ፤ ባን በክንዳቸው ጎትታ ስታነሣ ጮኹባትና በሳምንቷ ሄደች። ቀረሁ፣ ግን ባ አያናግሩኝም። ጸጉራቸውን አላስነካ አሉኝ። ረመዳን ገባ። መግሪብ ሲደርስ መስኮቱ ሥር ያለውን ባዶ ወንበር እያየሁ ውሃዬን ራሴ ቀድቼ ጠጣሁ። ከዚያ ክሊኒክ ይልቅ ያ ወንበር ነው የቀጣኝ።

ዒድ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ምሳ አቅርቤላቸው ልወጣ ስል "ለምን አትበዪም?" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

"ጾመኛ ነኝ፣ ባ።"

"ረመዳንሽ አልፏል።"

"በመሐሉ አተኩሶኝ የፈታሁት ቀን ነበር። ቀዷ ነው፤ የታመመ ሰው ያመለጠውን ሲድን በሌላ ቀን ይጾመዋል።"

"እና ይቆጠርላችኋል?"

"ይቆጠራል።"

ባ ምሳቸውን ጨርሰው በሉ። ሲመሽ መስኮቱ ሥር ብርጭቆ ይዘው አገኘኋቸው። "አለ፤ ጠጪ" አሉኝ። ጠጣሁ። ከዚያ "የእኔንስ?" አሉ።

ሐኪማቸውን ጠየቅን፤ ክኒኑ ቀርቶ፣ ወተትና ፍራፍሬ እየወሰዱ ከሆነ አንድ ቀን ይቻላል አለ። አሾክ አጉረመረመ፣ ግን እዚያው ሆኖ ሰምቷልና መከልከል አፈረ። ቀኗ አልፋ ሲነጋ ባ ወንዝ ውሰዱኝ አሉ። ጀሪፍ፣ ጡብ ሠሪዎቹ ጭቃ የሚያወጡበት ዳርቻ ወሰድናቸው። እኔ ከፊታቸው በኋላዬ እየወረድኩ፣ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ሆኖ፣ ሁለት እግራቸው አባይ ውስጥ ገባ። አሾክ የእኔንም የእናቱንም ጫማ ይዞ ዳር ቆሟል። ባ ከንፈራቸው ለረጅም ጊዜ ሲንቀሳቀስ ቆየ።

"ጠርሙሱን ላምጣው?" አልኳቸው።

"አይ፣ ያ የጋንጋ ነው። ይሄ የጾሙ ቀዷ ነው፤ የወንዙ ገና ነው።" ትከሻዬን ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ "ሞት ከቀደመኝስ? እናንተ ዘንድ ምን ይሆናል?"

"ሟቹ ያልጨረሰውን ወራሹ ይጾምለታል፣ ባ።"

ዞረው አሾክን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። "ይሄ?" አሉ። "ይሄ ከቁርስ እስከ ምሳ መቆየት የማይችለው?"

አሾክ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ባ ግን ጡብ ሠሪዎቹ ዞር ብለው እስኪያዩን ድረስ ነው የሳቁት።

ባ ያረፉት ጦርነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ወራት በፊት፣ በአልጋቸው ላይ ነው። ጠዋት ገብቼ "ባ፣ ትናንት ምን በላን?" አልኩ፣ መልስ የለም። እንደ ሥርዓታቸው ተቃጠሉ፤ አመዳቸው በነሐስ ዕቃ ተደርጎ ቤት ተቀመጠ። አሾክ ዛሬ ነገ እያለ፣ ሱቁ ይዞት፣ ሳይሄድ ያ ነገር መጣ። ህንዶቹ ወደ ፖርት ሱዳን በአውቶቡስ ሲወጡ ሻንጣ ለመያዝ እንኳ ጊዜ አልነበረም። አሾክ የነሐሱን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ታቅፎ ነበር። ጠርሙሱንና ከጠርሃዬ የፈታሁትን ቴምር በኪሱ ከተትኩለት።

"ዘይነብ፣ በዚህ ሰዓት ውሃ?" አለኝ።

"የሚጠጣ አይደለም።"

አወቀው። ኪሱን በእጁ ደገፍ አድርጎ ወጣ። እኔና ሰልማም በሌላ በኩል ወጣን፤ ብዙ ቆይተን ነው ጀብራ የተመለስነው። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላነሣሁም።

ባለፈው ብርድ ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለልኝ። አሾክ ነበር። ድምፁ ደክሞታል። ካሺ ነኝ አለኝ፤ ሚስቱ ወንድሞቿ ዘንድ ቀርታ ብቻውን ነው የሄደው። በአሥራ አንደኛው ቀን ምግብም ውሃም ሳይነካ ዋለ። በማግስቱ ሲነጋ ጫማውን ከላይ አውልቆ በዚያው ደረጃ ወረደ። መጀመሪያ ጠርሙሱን አፈሰሰ፣ ቀጥሎ አመዱን፤ ከዚያ ራሱ ገብቶ ሦስቴ ጠለቀ። ሲወጣ ያኔ እናቱን ያስቀመጥኩበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ቴምሩን በላ።